ከውሃ ስር ባለው መንገድ ላይ ውሃው ቢመጣብኝስ?

ባለፈው በዚህ ዓምድ ስለ ዋሻ ውስጥ እሳት ጽፌ ነበር። የመጣልኝ ደብዳቤ ግን አብዛኛው ስለ ውሃ ነው። እውነታችሁን ነው፤ ከባህር ወይም ከወንዝ ስር በመኪና የሚያልፍ ሰው ስለ ጭስ አያስብም፣ የሚያስበው ከላዩ ስላለው ነገር ነው። የተወሰኑትን መርጬ፣ ረዘም ያሉትን ቆረጥ ቆረጥ አድርጌ አቅርቤያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጠዋትና ማታ የምመላለሰው ከወንዝ ስር በሚያልፍ ዋሻ ነው። ከዳር ዳር ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን መሃሉ ጋ ስደርስ ዓይኔ ሳላስበው ወደ ጣሪያው ይሄዳል። በቀደም ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አየሁና እጄ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ። ያ ሁሉ ውሃ እኮ ከላዬ ነው! ቢቀደድ ስንት ደቂቃ አለኝ? እባክህ እንዳትስቅብኝ። (ጣሪያ ጣሪያ የምታየው)

መልስ፦ አልስቅብሽም፤ እኔም አያለሁ። ግን ሁለታችንም የምናየው የተሳሳተ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጠብታው። ከውሃ ስር ያለ ዋሻ ጨርሶ ደረቅ አይሆንም፤ ሠሪዎቹም ያንን አይጠብቁም። ኖርዌይን ውሰጂ። ከባህር ስር ያለውን ቋጥኝ እየፈለፈሉ ከ30 በላይ የመኪና ዋሻ ሠርተዋል። ከነሱ አንዱ ሪፍልኬ የሚባለው፣ በ2019 መጨረሻ የተከፈተው፣ ርዝመቱ ከ14 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ዝቅተኛው ቦታው ደግሞ ከባህር ጠለል በታች 292 ሜትር ነው። እዚያም ውሃ ይሰርጋል። ተሰብስቦ በቦይ ይወርድና ታች ያለ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በፓምፕ ወደ ላይ ይገፋል። ቀን ከሌት። አንቺ ያየሻት ጠብታ እንግዲህ ከመስመሯ ያመለጠች ናት። ዋሻውን ለሚያስተዳድሩት ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው፤ ላንቺ ግን የሩጫ ምልክት አይደለችም።

ዋሻ ሲያረጅም ቀስ ብሎ ነው። በሱዌዝ ቦይ ስር የሚያልፈው የአህመድ ሐምዲ ዋሻ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከተከፈተ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጨዋማ ውሃ ይሰርግበት ጀመር፤ ኮንክሪቱንም ይበላው ያዘ። አልተደረመሰም። በ1990ዎቹ በጃፓኖች እርዳታ ከውስጥ ሌላ ግድግዳ ተሠራለት፣ ዋሻ ውስጥ ዋሻ እንደ ማለት ነው።

እሺ፣ ይቀደድ እንበል። ማታ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። ከላይ 40 ሜትር ውሃ አለ፤ ጣሪያው ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ተከፈተ። በዚያ ግፊት በየሰከንዱ 17 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይገባል። ልክ ከስሩ የተገኘ መኪና አበቃለት፣ ይህን አልክድም። ግን የአንድ ኪሎ ሜትር ባለ ሁለት መስመር ዋሻ ሆድ 60 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። እሱን ለመሙላት ያ አስፈሪ ቀዳዳ አንድ ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል። በአንድ ሰዓት በታኮ ጫማም ቢሆን ትወጫለሽ።

አሁን ያንን 60 ሺህ ያዢልኝ። በደቡብ ኮሪያ ቾንግጁ ከተማ፣ ኦሶንግ በሚባል አካባቢ፣ ጁላይ 15 ቀን 2023 ጠዋት፣ ወደ 60 ሺህ ቶን የሚጠጋ ውሃ አንድ የመኪና መተላለፊያ ዋሻ ውስጥ ገባ። በሰዓት አይደለም፤ በደቂቃዎች ነው። 17 መኪኖች ውስጥ ነበሩ፣ 14 ሰው ሞተ። የሚገርመው ዋሻው ከወንዝ ስር እንኳ አያልፍም። ሚሆ የሚባለው ወንዝ ከወዲያ ማዶ ነው፤ ለድልድይ ግንባታ ተብሎ ዳርቻው ላይ ጊዜያዊ የአፈር መከላከያ ተክበው ነበር፣ ዝናቡ ሲበረታ አፈሩ ተናደ፣ ውሃው ሜዳውን አቋርጦ መጣና በዋሻው አፍ ገባ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ከሰዓታት በፊት ወጥቶ ነበር። መንገዱን ግን ማንም አልዘጋውም።

በጣሪያ አይደለም የገባው፣ በአፍ ነው። ስለዚህ ጣሪያውን ተይውና ከመግባትሽ በፊት አፉን እዪ። ቁልቁለቱ ላይ ውሃ እንደ ጅረት እየወረደ ነው? ታች ያለው አስፋልት ያብረቀርቃል? ፊትሽ ያሉት መኪኖች ሳይታሰብ ፍሬን እየያዙ ነው? ዝናቡ ደግሞ መጥረጊያው እስኪያቅተው ነው? እንዲህ ከሆነ ሌላ መንገድ ፈልጊ፤ ሌላ መንገድ ከሌለ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመሽ ጠብቂ።

ጥያቄ፦ የኔ መኪና ከፍ ያለች ናት፣ ትልልቅ ጎማ ነው ያስገባሁላት። ዋሻ ውስጥ ውሃ ቢያጋጥመኝ ነዳጅ ረግጬ ማለፍ ነው የሚሻለው ወይስ መቆም? ጓደኞቼ «አትፍራ፣ እሷ ታንክ ናት» ይሉኛል። (ባለ ትልልቅ ጎማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህ የዚያን ቀን አብረውህ ካልተቀመጡ ምክራቸውን ተወው።

መኪና ብረት ስለሆነ ከባድ ይመስለናል። ውሃ ግን የሚያውቀው ሳጥን መሆኑን ነው። 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1.5 ሜትር ኩብ ውሃ ከቦታው ከገፋች ተነሳች ማለት ነው፤ ወለሏ ሰፊ ስለሆነ ለዚህ ከወለሏ በላይ አንድ ስንዝር ገደማ ውሃ ይበቃታል። ጎማው ደግሞ መኪናዋ ሳትንሳፈፍ ገና ቀድሞ መንገዱን ይለቃል። 30 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትናንሽ መኪኖችን ይገፋል። 60 ሲደርስ የቀሩትንም አብዛኞቹን ይወስዳል፣ ያንተን «ታንክ» ጨምሮ። ለእግረኛማ በኃይል የሚወርድ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ለመውደቅ ይበቃል።

ሞተሩም አለልህ። አየር በሚስብበት በኩል ውሃ ከሳበ አለቀ። አየር ይታመቃል፣ ውሃ አይታመቅም፤ ፒስተኑ እሱን ልጭመቅ ሲል የሚጣመመው ራሱ ብረቱ ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን ጉዳዩ የጋራዥ ወጪ ነበር። ዋሻ ውስጥ ግን ሞተርህ የሚጠፋው ውሃው በሚጠራቀምበት ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ዋሻው ከሁለቱም አፍ ቁልቁል ወርዶ መሃል ላይ የሚገናኝ ጎድጓዳ ነገር ነው። ፓምፖቹም እዚያው ታች ናቸው። የኤሌክትሪክ ሳጥናቸውን ውሃ ከነካው ፓምፑም መብራቱም ተያይዘው ሊጠፉ ይችላሉ።

ታዲያ ምን ታደርጋለህ? ውሃው ከፊትህ ከሆነ አትግባበት። ገና ቁልቁለቱ ላይ ከሆንክና ከኋላህ ማንም ከሌለ ኋላ ማርሽ አስገብተህ ውጣ። መኪና ከኋላህ ተደርድሮ ከሆነ አራቱንም ፍሬቻ አብራ፣ ሞተር አጥፋ፣ ቁልፉን እዚያው ተውና በመጣህበት ዳገት በእግርህ ውጣ። ውሃው ከኋላ የሚከተልህ ከሆነና ፊትህ ደረቅ ከሆነ ደግሞ አትቁም፣ ልየው አትበል፣ ነድተህ ውጣ።

ዳገቱን አትናቀው። አምስት በመቶ ዳገት ያለው መውጫ 100 ሜትር ስትሄድ 5 ሜትር ከፍ ያደርግሃል። በተራ እርምጃ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። 5 ሜትር ማለት ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ ያለውን ያህል ነው፤ መኪናህን ትተህ አንድ ደቂቃ ተኩል ስትራመድ የጫማህ ሶል ታች ከቀረው ጣሪያ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ይህን ስሌት ካወቅኩ ወዲህ ዋሻ ስገባ ፍርሃቴ በግማሽ ቀንሷል።

ስትራመድ ግድግዳውን በእጅህ ይዘህ፣ ከፍ ባለው የእግረኛ ጠርዝ ላይ ሂድ። መሃል መንገድ ላይ የፍሳሽ ጉድጓዶች ክዳናቸው በውሃ ግፊት ተነስቶ ሊሆን ይችላል፣ ከጭቃ ውሃ ስር ደግሞ አይታይም። የሚሮጥ ሰው ያለበትን አረንጓዴ ምልክትም እይ። የአውሮፓ ሕብረት በ2004 ያወጣው የዋሻ ደህንነት መመሪያ የድንገተኛ መውጫ ሲሠራ በመሃላቸው ያለው ርቀት ከ500 ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ብቻ አንድ ነገር፦ እነዚያ በሮች በብዛት ለእሳት የታሰቡ ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚያስገቡህ ጎን ለጎን ወዳለው ሁለተኛ ዋሻ ነው፣ እሱ ደግሞ እኩል ጥልቀት ላይ ነው። በሩ ወደ ላይ የሚያወጣ ደረጃ ካለው ግባ። ከሌለውና ዳገቱ ክፍት ከሆነ ዳገቱን እመርጣለሁ።

መኪና መተው እንደሚከብድ አውቃለሁ። በቻይናዋ ዠንግዡ ከተማ ጁላይ 20 ቀን 2021 በአንድ ሰዓት ውስጥ 201.9 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። ጂንግጓንግ የሚባለው ዋሻ ውስጥ መኪኖች ተጨናንቀው ቆመው ነበር፣ ከ200 በላይ። ሰው መስታወቱን ዘግቶ፣ ሬዲዮ ከፍቶ፣ አሁን ይንቀሳቀሳል እያለ ይጠብቃል። አንድ ሹፌር ግን ወርዶ በመኪኖቹ መሃል እየሄደ የሰዉን መስታወት ማንኳኳት ጀመረ፤ ውጡ፣ መኪናውን ተዉት፣ ውጡ። ብዙዎች ሰምተውት ወጡ። ከዚያ ውሃው ጣሪያው ጋ ደረሰ። እዚያ ዋሻ ውስጥ 6 ሰው ሞተ፤ መኪኖቹን ቆጥሮ ሞቱ ስንት ሊሆን ይችል እንደነበር ማሰብ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ አንዱ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ሁለት ዓመቷ፤ ሁለቱም ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ውሃው ድንገት መኪናዋን ቢያነሳት መጀመሪያ ምን ልክፈት? በሩን? ማንንስ ላውጣ? ሌሊት ሌሊት እያሰብኩት እንቅልፍ አጣሁ። (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ በሩን ሳይሆን መስኮቱን። ይሄ ብቻ ቢያዝልሽ ይበቃኛል።

በሩ ለምን እንደማይሆን ልንገርሽ። ውሃው ውጭ ከበሩ ግርጌ ግማሽ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ ውስጡ ደረቅ ከሆነ፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለውን በር ከውጭ የሚገፋው ኃይል የ125 ኪሎ ክብደት ያህል ነው። አንድ ሜትር ሲሞላ ግማሽ ቶን ይሆናል። ማጠፊያው ስለሚያግዝ አንቺ ግማሹን ብትገፊ ይበቃል፤ ግማሹም ቢሆን 250 ኪሎ ነው። «ውሃው ውስጥ እስኪሞላ ጠብቀሽ ግፊቱ እኩል ሲሆን ክፈቺ» የሚል ወሬ ሰምተሽ ይሆናል። በፊዚክስ ልክ ነው። ግን እስኪሞላ መጠበቅ ማለት ልጆችሽ ውሃ ውስጥ ተዘፍቀው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ በጨለማ መጠበቅ ማለት ነው።

በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት ውስጣቸው ሰው ያለባቸውን መኪኖች ደጋግመው ውሃ ውስጥ እየጨመሩ ሞክረውታል። መኪና ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወዲያው አይሰምጥም፤ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ ይንሳፈፋል። መውጫ ጊዜሽ እሱ ነው። ውሃው መስኮቱ ጋ ከደረሰ በኋላ መስታወቱ በግፊት ስለሚጣበቅ አይወርድም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ቀበቶ ፍቺ፣ ያንቺንም የልጆቹንም። መስኮት አውርጂ፤ የኤሌክትሪክ መስኮት ውሃ እንደነካው ወዲያው አይሞትም፣ ግን ለመሞከር አታመንቺ። ከዚያ ልጆች። ትልቁ በመጀመሪያ፣ ምክንያቱም እሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ መያዝ ይችላል፤ ትንሿን ደረትሽ ላይ አቅፈሽ አብረሽ ትወጫለሽ። ስልክ? አትደውዪ። ከወጣሽ በኋላ ደውዪ። የልጆቹን ቀበቶ ዓይንሽን ጨፍነሽ መፍታት ትችያለሽ? መኪናው ቆሞ ሳለ ሞክሪው። ሰባት ዓመት የሞላው ደግሞ የራሱን ይፍታ፣ እንደ ጨዋታ አስተምሪው።

መስኮቱ እምቢ ካለ መስበር ነው። እዚህ ላይ አንድ ጉድ አለ፣ እኔም ራሴ በቅርብ ነው ያወቅኩት። የመኪና መስታወት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሲመታ ወደ ጥሬ ጨው ዓይነት ፍርፋሪ የሚበተን ነው። ሌላው ሁለት መስታወት መሃል ላይ ፕላስቲክ የተጣበቀበት ነው፤ ይሰነጠቃል እንጂ አይከፈትም። የፊት መስታወት ሁልጊዜ ሁለተኛው ዓይነት ነው፣ እሱን አትነካኪው። ችግሩ አሁን አሁን የጎኑንም በዚያ የሚሠሩ መኪኖች በዝተዋል። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማህበር በ2019 ስድስት ዓይነት መስበሪያ ሞክሮ ነበር። አራቱ የሚበተነውን ሰበሩት። ፕላስቲክ ያለውን ግን አንዳቸውም አልሰበሩትም።

ያን ካነበብኩ በኋላ በምሽት የስልኬን መብራት ይዤ መኪናዬ ጋ ወረድኩ። እያንዳንዱ መስታወት ጥግ ላይ የጥፍር ያህል የሆነ ነጭ ጽሑፍ አለ፤ አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠረግኩና አነበብኩት። የፊት ሁለቱ በሮች «ላሚኔትድ» ይላሉ። የኋላዎቹ «ቴምፐርድ»። ስድስት ዓመት ስነዳት እኔ መስበር የምችለው የኋላውን ብቻ መሆኑን አላውቅም ነበር! አንቺም ዛሬውኑ ሂጂና እዪ። «ቴምፐርድ» የሚለውን ምቺ፣ መሃሉን ሳይሆን ጥጉን። መዶሻ ውሃ ውስጥ አይወነጨፍም፤ ስፕሪንግ ያለው፣ ተጭነሽ ጠቅ የሚለው ዓይነት ይሻላል። መቀመጫሽ ላይ ሆነሽ እጅሽ የሚደርስበት ቦታ እሰሪው። የኔ ለሦስት ዓመት ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው ስር ነበር። ምን እያሰብኩ እንደነበር አትጠይቂኝ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ነው የምነዳው። ውሃ ውስጥ ከገባ ይነዝረኛል? (ቻርጀር)

መልስ፦ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ከፍተኛው ቮልቴጅ ከመኪናው አካል ተነጥሎ የተሠራ ነው፣ ችግር ሲሰማውም ራሱን እንዲያቋርጥ ነው የተዘጋጀው። ስለዚህ እንደማንኛውም መኪና በመስኮት ውጣ። ባትሪው የሚያስፈራው በኋላ ነው፤ በ2022 ኢያን የሚባለው ማዕበል ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ ጨዋማ ውሃ የገባባቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ከቀናት በኋላ እሳት ያስነሱ ነበር። ዋሻ ውስጥ ንዝረት ካስፈራህ ግድግዳው ላይ ካሉት የኤሌክትሪክ ሳጥኖችና ከተንጠለጠለ ሽቦ ራቅ።

ጥያቄ፦ ፊልም ላይ ሰዎቹ ውሃው ሲሞላ ጣሪያ ስር ተንጠልጥለው በቀረችው አየር ይተነፍሳሉ፣ ከዚያ ይድናሉ። እውነት ይሠራል ወይስ የፊልም ነው? (ፊልም ወዳዱ)

መልስ፦ ሠርቶ ያውቃል። ግን ዋሻ ውስጥ አልነበረም።

ሴፕቴምበር 2022 በደቡብ ኮሪያ ፖሃንግ ከተማ፣ በሂናምኖር ማዕበል ጊዜ፣ የመኖሪያ ሕንጻ ነዋሪዎች መኪናቸውን ለማውጣት ወደ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ወረዱ። በአቅራቢያው ያለው ወንዝ ሞልቶ ገባባቸው። 7 ሰው ሞተ። ሁለት ሰዎች ጣሪያው ስር ያሉ ቧንቧዎችን ይዘው፣ በቀረችው አየር እየተነፈሱ ለብዙ ሰዓታት ቆይተው በሕይወት ወጡ። አየሯ የቆየችላቸው መውጫ ስላጣች ነው፤ ጠፍጣፋ ጣሪያ ስር ተይዛ ቀረች።

የዋሻ ጣሪያ ግን ራሱ ዳገት ነው። ከመሃል ተነስቶ ወደ ሁለቱም አፍ ከፍ እያለ ይሄዳል። ውሃው ታች ሲሞላ አየሩ ጣሪያውን ተከትሎ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ በተገለበጠ ሳህንና በተጋደመ ቱቦ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ተንጠልጥለህ የምትጠብቃት አየር አንተን ትታህ ወጥታለች። አየሯ የሄደችበት አንተም ሂድ፣ ወደ ላይ።

ቅዝቃዜም አለ። ውሃ የሰውነት ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ትንፋሽህ ይቆራረጣል፣ ሳትፈልግ አየር በኃይል ወደ ውስጥ ትስባለህ፤ ያኔ አፍህ ከውሃው በላይ መሆን አለበት። አንድ ደቂቃ ገደማ ታገሥ፣ ይረጋጋል። ከዚያ እጅህ ሥራ የሚሠራልህ አሥር ደቂቃ አካባቢ ነው። ፊልም ላይ ጀግናው ግማሽ ሰዓት ተንጠልጥሎ ፍቅሩን ይናዘዛል። ጣቶቹ እንዴት እንደታዘዙለት እንጃ።

ጥያቄ፦ እኔ ጥያቄ ሳይሆን ብሶት ነው ያለኝ። ትንሽ ዝናብ ሲጥል ዋሻውን ይዘጉብናል። ባለፈው ወር ሁለቴ ሥራ አረፈድኩ። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ጠብታ ውሃ አልገባም! ፓምፕ አለን እያሉ መዝጋት ምንድን ነው? (የተማረረ ሠራተኛ)

መልስ፦ ብሶትዎ ይገባኛል፣ አለቃዎም እንደማይገባው አውቃለሁ። ግን ከዘጊዎቹ ጎን ነኝ።

ፓምፕ የተሠራው ለሚሰርግ ውሃና ለተለመደ ዝናብ ነው። ወንዝ ሲመጣበት በሲኒ ባህር እንደ መቅዳት ነው። ኒውዮርክ ከብሩክሊን ወደ ማንሃተን ከውሃ ስር የሚያልፈውን የሂዩ ኬሪ ዋሻ ያስቡት። ኦክቶበር 2012 ሳንዲ የሚባለው ማዕበል ሲመጣ ዋሻው ቀድሞ ተዘጋ። ያኔም እንደ እርስዎ የተማረረ አይጠፋም። ከዚያ ባህሩ ተነስቶ ገባ፤ ከ200 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ውሃ፣ ኦሶንግ ከገባው ሦስት እጥፍ የሚበልጥ። ውስጡ ግን አንድም መኪና አልነበረም። አንድም ሰው አልሞተም። ከዚያ ወዲህ አፉ ላይ ከባድ የብረት መዝጊያ ተገጥሞለታል።

የማሌዢያዎቹ ደግሞ ይባስ። ኩዋላ ላምፑር ውስጥ በ2007 የተከፈተው ስማርት የሚባል ዋሻ 9.7 ኪሎ ሜትር የጎርፍ ማስወገጃ ነው፤ ከፊሉ በደረቅ ጊዜ የመኪና መንገድ ሆኖ ያገለግላል። ከባድ ጎርፍ ሲመጣ መኪኖቹን ያስወጣሉ፣ ባዶ መሆኑን ያረጋግጣሉ፣ ከዚያ ውሃውን ራሳቸው ይለቁበታል። ዋሻው ተጥለቀለቀ ብሎ ማንም አያለቅስም፤ ሥራው ነው።

አንድ ጠብታ አልገባም ያሉትን ግን እወስድልዎታለሁ። ሲዘጉ ምክንያቱንና አማራጭ መንገዱን ቀደም ብለው አለመናገራቸው በእርግጥ ያናድዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ መኪና የለኝም። በአውቶቡስ ነው የምሄደው፣ ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ነው። ዝናቡ ሲበረታ ሹፌሩ አንዳንዴ መንገድ ይቀይርና በዋሻው ይገባል። ተነስቼ ልውረድ ብል ሰው ይስቅብኛል? እግሬም እንደ ድሮው አይደለም። (አዛውንቱ ተሳፋሪ)

መልስ፦ አባባ፣ ከሁሉም ደብዳቤዎች የእርስዎ ነው ልቤ ውስጥ የቀረው፣ ምክንያቱም የኦሶንጉ አውቶቡስ ያደረገው ይህንኑ ነው። የወትሮው መንገዱ በዝናቡ ምክንያት አላስኬድ ስላለው ዞሮ በዋሻው ገባ። ከሞቱት ብዙዎቹ የእሱ ተሳፋሪዎች ነበሩ።

እዚያው ዋሻ ውስጥ ደግሞ አንድ የከባድ ጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መስታወቱን ሰብሮ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ በውሃው እየተወሰዱ ከነበሩት ሦስቱን ጎትቶ አወጣ፣ የግድግዳውን ሐዲድ እያስያዘ። እንዲህ ያለ ሰው ግን በየዋሻው አይጠብቀንም።

አውቶቡስ ውስጥ ሲቀመጡ ከተቻለ መስበሪያ መዶሻዋ ያለችበት መስኮት አጠገብ ይሁኑ፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ናት፣ ከመስኮቱ በላይ ትንሽ ማቀፊያ ውስጥ ነው የምትሰካው። ጣሪያው ላይ የሚከፈት መውጫ ያለው አውቶቡስም አለ፣ ቀና ብለው ይዩት። በሩ በአየር የሚሠራ ከሆነ ከበላዩ የድንገተኛ መክፈቻ ይኖረዋል። ውሃ መግባት ከጀመረ ዕቃዎን ይተዉት፣ ጎረምሶቹንም «አግዙኝ» ይበሉ፤ ሰው ካልጠሩት ነው እንጂ ሲጠሩት ይመጣል።

እግርዎ እንደ ድሮው ካልሆነ ግን ውስጥ ከመታገል ውጭ መርጠብ ይሻልዎታል። ሹፌሩ ወደ ዋሻው ሊታጠፍ ሲል፣ ገና መብራቱ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ጮክ ብለው «ወራጅ አለ!» ይበሉ። የሚስቅ ይስቅ። ጃንጥላዎን ብቻ እንዳይረሱ።